ቆሮሶዎቼ አላድግ አሉ፤ ነጭ ሽንኩርትና ሽፈራው ልጨምርላቸው?

ጥያቄ፦ ቤቴ ከባሕር ዳር ብዙም አይርቅም። 200 ካሬ ሜትር ስፋት ያለው ኩሬ ቆፍሬ 400 የቆሮሶ (ቲላፒያ) ጫጩት ከጨመርኩበት ስድስት ወር ሆኖታል። በመረብ እየያዝኩ ስመዝናቸው ግን አንዱ ዓሣ በአማካይ ከ60 ግራም አይበልጥም። የምመግባቸው ሁለት እጅ ፉርሽካ ከአንድ እጅ የኑግ ፋጉሎ ጋር ቀላቅዬ ነው። ከሰሞኑ ደግሞ በኩሬው ዳር ጥፍር የሚያህሉ ትንንሽ ዓሣዎች ሲርመሰመሱ አያለሁ። ጎረቤቴ ነጭ ሽንኩርት፣ ጥቁር አዝሙድና የሽፈራው ቅጠል ወቅጬ ከመኖው ጋር እንድቀላቅል መከረኝ። አንድ ነጋዴም «ከዕፅዋት የተዘጋጀ ማሳደጊያ ነው» ብሎ ዱቄት ሊሸጥልኝ ይፈልጋል። የትኛውን፣ በምን ያህል መጠን ላድርግ?

መልስ፦ የጎረቤትዎ ምክር መሠረት ያለው ነው። ነጭ ሽንኩርት በተለይ የዓሣን የምግብ ፍላጎትና በሽታን የመቋቋም አቅም እንደሚያግዝ በተደጋጋሚ ተፈትሿል፤ አሠራሩንም ከታች በዝርዝር አስቀምጥልዎታለሁ። ይሁን እንጂ የእርስዎ ዓሣዎች ያላደጉት ነጭ ሽንኩርት ስላጡ አይደለም። ለዚህም ምስክሮቹ እርስዎ ራስዎ ያነሷቸው፣ በኩሬው ዳር የሚርመሰመሱት ትንንሽ ዓሣዎች ናቸው።

ቆሮሶ ከ30 እና 40 ግራም ክብደት ጀምሮ በኩሬ ውስጥ መራባት ይችላል። ሴቷ ዕንቁላሏንና ጫጩቶቿን በአፏ ይዛ ስለምትጠብቅ በእነዚያ ቀናት እህል ውሃ አትልም ማለት ይቻላል፤ ውሃው ሞቅ ካለም ብዙ ሳትቆይ እንደገና ትራባለች። ስለዚህ አንድ ችግር በሁለት በኩል ይጎዳዎታል፦ ሴቶቹ ለሥጋ መዋል የነበረበትን ጉልበት ለመራባት ያውሉታል፣ አዲሶቹ ጫጩቶች ደግሞ ለ400 ዓሣ ብለው የሚበትኑትን መኖ ይሻሙታል። እንዲህ ባለው ኩሬ ውስጥ የሚጨመር ማንኛውም ቅመም ያልታሰቡትን ዓሣዎች መመገቢያ ይሆናል።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ወንዱን ከሴቷ መለየት ነው። ዓሣውን በእርጥብ እጅ ይዘው ሆዱን ወደ ላይ ያዙሩና ከፊንጢጣው ቀጥላ ወደ ጅራቱ በኩል ያለችውን ትንሽ ጉብታ ይመልከቱ። በወንዱ ጉብታ ጫፍ ላይ አንድ ቀዳዳ ብቻ ይታያል፤ በሴቷ ላይ ግን ከጫፉ ቀዳዳ በተጨማሪ በመሐል በኩል አግድም ስንጥቅ የምትመስል የዕንቁላል መውጫ አለች። ለዓይን ካስቸገረዎት የምግብ ቀለም በጥጥ ነክረው ቢያስነኩት ስንጥቋ ጎልታ ትወጣለች። 60 ግራም የደረሰ ዓሣ ለዚህ ሥራ አመቺ ነው። ወንዶቹን ወደ ኩሬው ይመልሱ፣ ሴቶቹን ለቤት ፍጆታ ያውሏቸው ወይም ይሽጧቸው፣ ጫጩቶቹንም ቀዳዳው ጠባብ በሆነ መረብ በተቻለዎት መጠን ያውጧቸው። የቀሩትን ጫጩቶች የሚለቅም ጥቂት አምባዛ መጨመርም ይጠቅማል፤ ነገር ግን አምባዛው ከቆሮሶዎቹ ያነሰ መሆን አለበት፣ አለበለዚያ ዋናዎቹን ዓሣዎች ይበላብዎታል።

ሁለተኛው ጉዳይ መኖው ነው። ፉርሽካ 16 በመቶ ገደማ፣ የኑግ ፋጉሎ ደግሞ 30 በመቶ ገደማ ፕሮቲን ስላላቸው፣ የእርስዎ ሁለት ለአንድ ቅልቅል ከ20 በመቶ ብዙም አያልፍም። በማደግ ላይ ያለ ቆሮሶ ግን ከ28 እስከ 32 በመቶ ፕሮቲን ይፈልጋል። ጉድለቱን በከፊል የሚሞላው በኩሬው ውስጥ የሚበቅለው፣ ውሃውን አረንጓዴ የሚያደርገው አልጌ ነው፤ እሱም ቢሆን ለዚህ ሁሉ ዓሣ አይበቃም። ሁለት እጅ የኑግ ፋጉሎ፣ አንድ እጅ የተቆላና የተፈጨ አኩሪ አተር፣ አንድ እጅ ፉርሽካ ቢያደርጉ ወደ 28 በመቶ ይጠጋሉ። አኩሪ አተሩ ሳይቆላ ወይም ሳይቀቀል እንዳይገባ አደራ እላለሁ፤ ጥሬው ፕሮቲን እንዳይፈጭ የሚያግድ ንጥረ ነገር አለው። ፋጉሎውንም ከመግዛትዎ በፊት ያሽትቱት። እርጥበት ገብቶበት የሻገተ ፋጉሎ አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ሊኖረው ይችላል፤ ይህ መርዝ የዓሣውን ጉበት ይጎዳል፣ ዕድገቱን ያቀጭጫል፣ በማድረቅም ሆነ ቅመም በመጨመር አይጠፋም።

ውሃውን በተመለከተ አንድ ቀላል መፈተሻ ልንገርዎት። ፀሐይ ወጣ ሲል ክንድዎን እስከ ክርንዎ ድረስ ወደ ውሃው ቀጥ አድርገው ያስገቡ፦ መዳፍዎ ክርንዎ ውሃውን ሊነካ ሲል ከዓይን ከተሰወረ አረንጓዴው መጠነኛ ነው፤ ውሃው ገና የእጅዎ አንጓ ላይ ሳለ ከተሰወረ አልጌው በዝቷልና ፍግ መጨመሩን ያቁሙ፣ ውሃም ይቀይሩ። ማለዳ ዓሣዎቹ አፋቸውን ከውሃው በላይ አድርገው የሚያለከልኩ ከሆነ ኦክስጅን አጥሯቸዋልና በዚያ ሰዓት ፈጽሞ አይመግቧቸው። ሙቀቱም አለ። ቆሮሶ እንደ ልቡ የሚያድገው ከ26 እስከ 30 ዲግሪ ሴልሺየስ በሆነ ውሃ ውስጥ ነው፤ 1,800 ሜትር አካባቢ ከፍታ ባለው በእርስዎ አገር ውሃው ብዙ ጊዜ ከዚህ በታች ስለሚሆን፣ ቆላ ውስጥ ያለ አርቢ የሚያገኘውን ዕድገት በተመሳሳይ ጊዜ መጠበቅ አይገባም።

አሁን ወደ ነጭ ሽንኩርቱ እንምጣ። በከብትና በዶሮ እርባታ ለረጅም ጊዜ ጸረ ተህዋሲያን መድኃኒቶች ለዕድገት ሲባል ብቻ በመኖ ውስጥ ይጨመሩ ነበር፤ መድኃኒቱን የሚለማመዱ ተህዋሲያን ስለተበራከቱ የአውሮፓ ኅብረት ይህን አሠራር ከጃንዋሪ 2006 ጀምሮ ከልክሏል። የዕፅዋት ተጨማሪዎች ምርምር የተስፋፋው ከዚህ ጋር ተያይዞ ሲሆን፣ ቆሮሶን በብዛት በምታረባው በግብፅ በነጭ ሽንኩርት ላይ በርካታ ሙከራዎች ተደርገዋል። ብዙዎቹ ሙከራዎች የተሻለ የክብደት ጭማሪ አሳይተዋል፤ ኤሮሞናስ በሚባለው ባክቴሪያ ሆን ተብሎ ከተለከፉት ዓሣዎች መካከልም ነጭ ሽንኩርት የበሉት በብዛት ተርፈዋል።

ጉልበቱ ያለው አሊሲን በሚባለው ንጥረ ነገር ነው። አሊሲን ባልተነካ ራስ ውስጥ የለም፤ የሚፈጠረው ሽንኩርቱ ሲወቀጥ በውስጡ ያለው ኢንዛይም ከሌላው ንጥረ ነገር ጋር ሲገናኝ ነው፣ ያን ጊዜ አፍንጫ የሚሰነፍገው ሽታ ይወጣል። ሙቀት ደግሞ ኢንዛይሙን ይገድለዋል። ስለዚህ ቀቅለው የሚወቅጡት ነጭ ሽንኩርት ለዚህ ጉዳይ ጥቅሙ በእጅጉ ይቀንሳል። ጥሬውን ልጠው ይውቀጡ፣ ለ10 ደቂቃ ያህል ይተዉት፣ ከዚያ ጥቂት ዘይት ጨምረው ከመኖው ጋር በእጅዎ እያሹ ይቀላቅሉት። ዘይቱ ቅመሙን ከመኖው ጋር ያጣብቀዋል፤ ያለ እሱ ውሃው አጥቦ ይወስደዋል። መኖውን በጥላ ሥር አጠንፍፈው በሁለትና በሦስት ቀን ውስጥ ይጨርሱት።

መጠኑ ለአንድ ኪሎ መኖ 10 ግራም የደረቀ ዱቄት ወይም 30 ግራም ገደማ እርጥብ ነጭ ሽንኩርት ነው። ከዓሣዎችዎ ሴቶቹን አውጥተው 200 ወንዶች ቢቀሩ፣ አጠቃላይ ክብደታቸው 12 ኪሎ፣ የቀን መኖአቸውም በ3 በመቶ ስሌት 360 ግራም ይሆናል፤ ለዚህ በቀን 11 ግራም እርጥብ ነጭ ሽንኩርት ይበቃል፣ ይህም ጥቂት ፍሬ ማለት ነው። መጠኑን መጨመር ዕድገቱን አይጨምረውም፤ ሽታው ከበዛ ዓሣው መኖውን ሊሸሽ ይችላል። እኔ ብሆን ዓመቱን ሙሉ ከመስጠት ይልቅ ዓሣው በሚጨነቅበት ወቅት፣ ማለትም ሌሊቱ ከሚቀዘቅዝበት ከኅዳር ወር በፊት ባሉት ሳምንታት እና ዓሣዎቹን በመረብ ይዘው ለይተው ከመለሱ በኋላ ለአንድ ወር ያህል እሰጠው ነበር።

የሽፈራው ቅጠል ከመድኃኒትነቱ ይልቅ መኖነቱ ያመዝናል፤ የደረቀው ቅጠል ሩብ ያህሉ ፕሮቲን ነው። ሆኖም ሲበዙ ዕድገትን የሚያውኩ ታኒንና ሳፖኒን የሚባሉ ንጥረ ነገሮች ስላሉት ከመኖው አንድ አሥረኛ እንዳይበልጥ ያድርጉ፣ በጥላ ያድርቁት፣ ቅጠሉን ብቻ እንጂ ሥሩንና ልጡን አይጠቀሙ። ጥቁር አዝሙድም በሙከራ ጥሩ ውጤት አሳይቷል፤ ዋጋውን ሳስበው ግን ለእርስዎ ኩሬ አልመክረውም። ሦስቱን በአንድ ጊዜ መቀላቀልንም አልደግፍም፣ የጠቀመውን ካልጠቀመው መለየት አይችሉምና።

ነጋዴው የሚያቀርበውን ዱቄት በሚመለከት፣ በውስጡ ምን እንዳለ፣ በምን መጠን እንዳለና መቼ እንደተመረተ በማሸጊያው ላይ ካልተጻፈ አይግዙት። «ከዕፅዋት» መባሉ ብቻውን ዋስትና አይሆንም። በጣና ገባር ወንዞች አካባቢ ያደጉ ሰዎች እንደሚያውቁት፣ የብርብራ ፍሬ ተፈጭቶ ወንዝ ውስጥ ሲበተን ዓሣው ሰክሮ ይንሳፈፋል፤ ብርብራም ዕፅ ነው።

ነጭ ሽንኩርቱ በእርስዎ ኩሬ መሥራቱን ለማወቅ ከፈለጉ፣ ከመረብ የተሰፉ እኩል ስፋት ያላቸው ሁለት ቋቶች በኩሬው ውስጥ በእንጨት ወጥረው ይትከሉ። በየአንዳንዳቸው በክብደት የሚቀራረቡ 20 ወንድ ዓሣዎች ያስገቡ፤ ለሁለቱም ያንኑ መኖ በእኩል መጠን፣ ከረፋዱ 4 ሰዓትና ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ይስጡ፤ ነጭ ሽንኩርቱ ግን ለአንደኛው ቋት ብቻ ይሁን። በየሁለት ሳምንቱ ሁሉንም ዓሣዎች ውሃ ባለበት ባልዲ ውስጥ አድርገው ይመዝኑና ቁጥሩን በደብተር ይያዙ። ከስምንት ሳምንት በኋላ የሁለቱን ቋቶች ልዩነት ከገዙት ነጭ ሽንኩርት ዋጋ ጋር ያስተያዩት፤ ልዩነቱ ወጪውን ካልሸፈነ ያንን ገንዘብ አኩሪ አተር ይግዙበት።