ፕላትሌቴ ሙሉ ነው፣ ታዲያ ደሜ ለምን አይቆምም?

ጥያቄ፦ ከልጅነቴ ጀምሮ ነስር አይለቀኝም። ባለፈው ወር ጥርስ ተነቅዬ ሁለት ቀን ሙሉ ደማሁ። ሲቢሲ (የደም ሴሎች ቆጠራ) ስሠራ ፕላትሌቴ (ደም እንዲቆም እርስ በርስ የሚያያዙት ጥቃቅን የደም ክፍሎች) 240 ሺህ ሆነ፣ "ደህና ነሽ" ተባልኩ። አሁን ሌላ ሐኪም "ሥራቸውን እንይ" ብለው ሌላ ምርመራ አዘዙ፣ አስፕሪን እንዳልነካም አስጠነቀቁኝ። ቁጥሩ ከሞላ ሌላ ምን ይታያል?

መልስ፦ እህቴ፣ ሲቢሲ የነገረሽ ቆጥሮ ነው። በአንድ ማይክሮ ሊትር ደም ከ150 እስከ 450 ሺህ ካለ ቁጥሩ ደህና ነው፣ አለቀ። ግን የዕድር መዝገብ ላይ ስሙ ያለ ሁሉ ድንኳን ሊተክል ይመጣል እንዴ?

ድሮ ቆዳ ጫር ተደርጎ ደሙ እስኪቆም ሰዓት ይያዝ ነበር። እንደሠሪው እጅ ስለሚለያይ ዛሬ ብዙም አይታመንም። ላንቺ የታዘዘው አግሪጎሜትሪ፣ ማለትም ፕላትሌት እንዴት እንደሚያያዝ የሚለካው ምርመራ፣ ሳይሆን አይቀርም፤ ጉስታቭ ቦርን በ1962 እ.ኤ.አ. ይፋ ያደረገው ነው፣ እስካሁንም ዋናው እሱ ነው። ደምሽ ሲትሬት ባለው ሰማያዊ ክዳን ቱቦ ይቀዳል፣ ሴንትሪፉጅ ውስጥ ቀስ ብሎ ይሽከረከራል፣ ቀዩ ወደ ታች ይወርድና ፕላትሌት የሞላው ደፍረስ ያለ ቢጫ ፕላዝማ ላይ ይቀራል። እሱ 37 ዲግሪ ላይ እየተማሰለ ብርሃን ይበራበታል፤ ከዚያ ፕላትሌቱ እንዲያያዝ የሚቀሰቅስ ነገር፣ ኤዲፒ ወይ ኮላጅን፣ ጠብ ይደረግበታል። አይብ ሲወጣ አይተሻል አይደል? ፍሬው ሲቋጠር አጓቱ ይጠራል። ጤነኛ ፕላትሌትም እንደዛው ይያያዝና ፈሳሹ ይጠራል፣ ብርሃኑ ያልፋል፣ መሣሪያው መስመሩን ይሥላል። መስመሩ ካልተነሣ ፕላትሌቱ ለግሟል። ግላንዝማን በሚባለው የዘር ሕመም ለምሳሌ፣ ቁጥሩ ሙሉ ሆኖ ሪስቶሴቲን ከሚባለው ቀስቃሽ በቀር ለአንዱም በቅጡ አይያያዝም። ብርቅ ነው፣ አትደንግጪ።

አስፕሪን የነካውን ፕላትሌት እስኪሞት አይለቀውም፣ ዕድሜው ደግሞ ከ7 እስከ 10 ቀን ነው። ስለዚህ ትናንት ውጠሽ ዛሬ ብትመረመሪ ውጤቱ የክኒኑ እንጂ ያንቺ አይደለም። ኢቡፕሮፌንና ዲክሎፌናክ ቶሎ ቢለቁም ያዛባሉ፤ የዋጥሽውን ሁሉ ንገሪያቸው። (ለልብ አስፕሪን የታዘዘላችሁ ይህን አንብባችሁ በገዛ እጃችሁ እንዳታቆሙ፣ አደራ!)

ደግሞ ቱቦው ፍሪጅ አይገባም፣ ቅዝቃዜ ፕላትሌቱን ይረብሸዋል። ምርመራውም ከተቀዳ በ4 ሰዓት ውስጥ ማለቅ አለበት። ክንድሽን ከመዘርጋትሽ በፊት "እዚሁ ነው የሚሠራው ወይስ ይላካል?" በያቸው። ሩቅ ይላካል ካሉሽ፣ የሚሠራበት ቦታ ድረስ ሄደሽ እዚያው ተቀጂ።