ስለ ፖል ስኮልስ ጠይቁኝ

ትናንት «ስለ ማንቸስተር ዩናይትዱ አማካይ ስለ ስኮልስ የፈለጋችሁትን ጠይቁ» ብዬ ነበር፤ ጥያቄው ጎረፈ። የቼልሲ ደጋፊዎችን ስድብ ትቼ የቀረውን ልመልስ።

ጥያቄ፦ ወንድሜ፣ እውነት አስም ነበረበት?

መልስ፦ አዎ። ቁመቱም አጭር ነው፣ ሩጫም የለውም። ግን ኳስ ከመቀበሉ በፊት ሜዳውን አይቶ ጨርሷል። የድሮ ጨዋታ ካገኛችሁ ኳሷን ተዉና አንገቱን ብቻ ተከታተሉ፤ አንዴ ወደ ቀኝ፣ አንዴ ወደ ግራ ይዞራል፣ ኳሷ እግሩ ስር ስትደርስ የት እንደሚልካት ከወሰነ ቆይቷል። ቀድሞ ያየ ሰው ምን ያስሮጠዋል?

ጥያቄ፦ የ1999 ቻምፒየንስ ሊግ ፍጻሜ ላይ ለምን አልተሰለፈም? ተጎድቶ ነው?

መልስ፦ ቅጣት ነው። ግማሽ ፍጻሜው ላይ ቱሪን ከዩቬንቱስ ጋር ቢጫ ካርድ አየ፣ ፍጻሜው አመለጠው፣ በቃ። የቡድን አጋሩ ሮይ ኪንም እንደሱ። ባየርንን 2 ለ 1 ሲረቱ ሁለቱም ሱፍ ለብሰው ነበር። ዋንጫውን ይዘው የተነሱትን ፎቶ እዩት፣ ለቅሶ ቤት የመጡ ነው የሚመስሉት።

ጥያቄ፦ ምርጥ ጎሉ የቱ ነው?

መልስ፦ ብዙ ሰው ብራድፎርድ ላይ ከቤካም ኮርነር በአየር የመታትን ይላል። እኔ ግን በ2008 ቻምፒየንስ ሊግ ግማሽ ፍጻሜ ባርሳ ላይ ያገባትን እመርጣለሁ። ዛምብሮታ ኳሷን ላርቅ ብሎ ለስኮልስ ሰጠው፣ እሱም ከሳጥን ውጪ ለቀቃት፣ ቫልዴስ ዘሎም አልደረሰባት። በደርሶ መልሱ የገባችው ጎል እሷ ብቻ ናት! አሰልጣኙ ፈርጉሰንም ሞስኮ ላይ በተደረገው ፍጻሜ በቋሚ አሰለፈውና የ1999ኙን ቁጭት ተወጣ።

ጥያቄ፦ ታክል አይችልም የሚባለውስ?

መልስ፦ እሱን አልከራከርም። በፕሪሚየር ሊጉ ብቻ ከ90 በላይ ቢጫ አይቷል። 2008 ሱፐር ካፕ ላይማ ዜኒት ላይ ኳሷን በእጁ መትቶ አግብቶ በቀይ ወጣ፣ እንደ መረብ ኳስ ተጫዋች።

ጥያቄ፦ ከእንግሊዝ ቡድን ለምን በ29 ዓመቱ ወጣ?

መልስ፦ እሱ ምክንያቴ ቤተሰቤ ነው ብሏል። እኔ ግን ለጄራርድና ላምፓርድ ቦታ ይገኝ ተብሎ ወደ ግራ መገፋቱ እስካሁን ያበግነኛል። መሀል ሜዳ ላይ እንደዚያ የሚያይ ሰው ይዘህ መስመር ዳር ታቆመዋለህ? 66 ጨዋታ፣ 14 ጎል፣ አለቀ።

ጥያቄ፦ አሰልጣኝነቱስ?

መልስ፦ ኦልድሃም፣ 2019፣ 31 ቀን። ቀጣይ።

ጥያቄ፦ ካቆመ በኋላ ሲመለስ ጫማ ገዛ የሚባለው ቀልድ ነው?

መልስ፦ እውነት ነው። ጥር 2012 ላይ መመለሱ በሚስጥር ስለተያዘ ከስፖርት ሱቅ 40 ፓውንድ አውጥቶ ገዛ። ኤፍኤ ካፕ ላይ ከማንቸስተር ሲቲ ጋር ተቀይሮ ገባና ገና ከመግባቱ ኳስ አስነጥቆ አግዌሮ አገባባቸው፣ ሃሃ። ለማንኛውም ማንቼ 3 ለ 2 አሸነፈ። በቀጣዩ ዓመት 11ኛ የፕሪሚየር ሊግ ዋንጫውን ወስዶ ጫማውን ሰቀለ፣ በ499 የሊግ ጨዋታ። አዎ፣ ለ500 አንድ ጎሎት።