ቁልፉ ማን ጋ ነው?

እኔ እዚህ ድሬዳዋ ውስጥ በአንድ ትምህርት ቤት ክሊኒክ የምሠራ ነርስ ነኝ። ልጆቹ «ሲስተር» ይሉኛል፤ እናንተም እንደዚያው ብላችሁ ጽፋችሁልኛል። ትምህርት ከተከፈተ ወዲህ ከደረሱኝ ደብዳቤዎች አራቱን መርጫለሁ። የመጀመሪያው ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ፤ ሳነበው የድሮ ነገር ተነሣብኝ።

«ሲስተር፣ ልጄ 9 ዓመቱ ነው፤ አስም አለበት። ሐኪሙ ሲያፍነው የሚስበው ፓፍ ከኪሱ እንዳይለይ ብሎኛል። ዘንድሮ ትምህርት ቤቱ “መድኃኒት ተማሪ እጅ ላይ አይገኝም” ብሎ ተቀብሎት ቢሮ ቆለፈበት። ዳይሬክተሩን ሳናግረው መመሪያ ነው አለኝ። ስፖርት ባለው ቀን ስልኬን እያየሁ ነው የምውለው። ምን ላድርግ?»
የሁለት ልጆች እናት፣ ከሳቢያን

እህቴ፣ ሐኪሙ ልክ ነው። ፓፉ ከልጁ ጋር ነው መሆን ያለበት።

ትምህርት ቤቱም ዝም ብሎ አልተነሣም። ልጆች መድኃኒት ይካፈላሉ። አንዷ ለራስ ምታቷ ያመጣችውን ክኒን ለሦስት ጓደኞቿ ስታድል ደርሼባታለሁ። ስለዚህ ክኒንና ሽሮፕ ክሊኒክ ይቀመጥ ሲባል እኔም እደግፋለሁ። ሰማያዊው ፓፍ ግን ከክኒን ጋር አንድ ላይ የሚቆለፍ አይደለም። ደረት መጥበብ ሲጀምር የሚፈለገው አሁኑኑ ነው። ጓደኛው አንዴ ቢስበው ልቡ ትንሽ ይፈጥንበት ይሆናል፤ ባለቤቱ ሲፈልገው ቢያጣው ግን ሊሞት ይችላል።

ከዓመታት በፊት ሌላ ትምህርት ቤት ስሠራ የሆነውን ልንገርሽ። ጥር ላይ ነው፤ የደቻቱ ወንዝ ደርቆ ነፋሱ አሸዋውን የሚያነሳበት ሰሞን። የአራተኛ ክፍል ልጆች ክፍል ሲጠርጉ አንዷን አስሙ አፍኗት ይዘዋት ወጡ። ደረጃው ላይ ተቀመጠች። ሁለት እጇን ጉልበቷ ላይ ተክላ ትከሻዋ ወደ ላይ ይነሳል፣ ይወርዳል። አንገቷ ሥር ያለችው ጎድጓዳ በየትንፋሹ ወደ ውስጥ ትገባለች። «ፓፍሽ የት ነው?» ስላት «ቢ...» ብላ ቃሉን መጨረስ አቃታት። ቢሮ ማለቷ ነው። ሮጥኩ። ቁም ሳጥኑ ተቆልፏል። ቁልፉ ዩኒት ሊደሩ ኪስ ውስጥ ነው፤ እሱ ደግሞ ባንክ ሄዷል። ዘበኛው ጓጉንቸሩን በድንጋይ ሰበረው። ልጅቷ ዳነች። እኔ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ትምህርት ቤት ስገባ መጀመሪያ የምጠይቀው «ቁልፉ ማን ጋ ነው?» ነው።

አሁን የምታደርጊውን ልንገርሽ። ዳይሬክተሩ ጋ ባዶ እጅሽን አትመለሺ። ከሐኪሙ ወረቀት አጽፊ። የልጁ ስም፣ የመድኃኒቱ ስም፣ ሲያፍነው ስንት ጊዜ እንደሚስብ፣ ካልተሻለው ከስንት ደቂቃ በኋላ ወደ ሆስፒታል እንደሚወሰድ፣ ከሥር ደግሞ «ራሱ ይዞ እንዲንቀሳቀስ» የምትል መስመር። አንቺም ፈርሚበት። ዳይሬክተር የሚፈራው ኃላፊነት ነው። ወረቀቱ ኃላፊነቱን ለሐኪሙና ለአንቺ ያካፍልለታል። ከቻልሽ ፓፉን ሁለት አድርጊው፤ አንዱ ከልጁ ጋር፣ አንዱ ክሊኒክ ወይም ስፖርት መምህሩ ጋ። ጠዋትና ማታ የሚወስደው መከላከያ ፓፍ ካለው እሱ ቤት ይቅር፤ ትምህርት ቤት ሥራ የለውም።

ልጁ አሳሳቡን ያውቃል? ዛሬ ማታ ፊትሽ ያሳይሽ። ይነቅንቀው፤ ትንፋሹን ያውጣ፤ ከንፈሩን ገጥሞ መሳብ ሲጀምር ይጫነው፤ በቀስታ ይሳብና ትንፋሹን ይዞ እስከ 10 ይቁጠር። ብዙ ልጆች ምላሳቸው ላይ ነው የሚረጩት። ካቃተው የግማሽ ሊትር የውኃ ፕላስቲክ ውሰጂ። ቂጡን በፓፉ አፍ ልክ ብሺውና ፓፉን እዚያ ሰክተሽ መጋጠሚያውን ዙሪያውን በፕላስተር ዝጊ። ልጁ በጠርሙሱ አፍ በኩል ይተነፍሳል። የደቡብ አፍሪካ ሐኪሞች ሞክረው፣ ለዚሁ ተሠርቶ ከሚሸጠው ዕቃ እኩል እንደሚሠራ አይተዋል። እኔ ክሊኒኬ ውስጥ ሁለት አለኝ።

አንድ የፓፍ ቆርቆሮ በአብዛኛው 200 ጊዜ ነው የሚረጨው። የጀመርሽበትን ቀን በማርከር ጻፊበት፤ ባዶውን ይዞ የሚዞር ልጅ ብዙ ነው። ከ30 ዲግሪ በላይ ሙቀት ደግሞ አይስማማውም፤ ድሬ ላይ ደግሞ ይኼ ቀላል አይደለም። መስኮት ሥር ያለ ዴስክ ላይ፣ ባጃጅ ውስጥ መስታወቱ ሥር አይቀመጥ። ለክፍል ኃላፊ መምህሯም አንድ ነገር ንገሪልኝ። ልጅሽ በመጥረግ ተራው ቀን ጥቁር ሰሌዳውን በእርጥብ ጨርቅ ይወልውል፤ ሌሎቹ ደግሞ ከመጥረጋቸው በፊት ውኃ ይርጩ።

«ሴት ልጄ ክፍል ውስጥ ትኩሳት ያዛት። መምህርቷ ከራሷ ቦርሳ ዲክሎፌናክ አውጥታ ሰጠቻት። እኔ አመሰግናት ነበር፤ ጎረቤቴ ግን ተቆጣኝ። ማን ነው ልክ?»
አባት፣ ከገንደ ቆሬ

ጎረቤትህ ልክ ነው፣ ወንድሜ። መምህርቷ አዝና ነው የሰጠቻት፤ እሱን አልክድም። ግን እኛ የምንኖረው ድሬ ነው። በ2006 መጀመሪያ ላይ የደንጊ ትኩሳት ከተማውን ያንቀጠቀጠበትን ጊዜ አትረሳውም። በ2011 ክረምት ደግሞ ቺኩንጉንያ መጥቶ፣ ከየቤቱ መገጣጠሚያውን ይዞ የሚያነክስ ሰው ነበር። ደንጊ የያዘው ሰው ደሙ ላይ ችግር አለበት፤ መድማት ይቀናዋል። ዲክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌንና አስፕሪን ያንን ያባብሱታል። ትኩሳቱ ምን እንደሆነ ሳይታወቅ እነዚህን መስጠት እዚህ ከተማ ላይ መቆም አለበት። አስፕሪን እንዲያውም ለልጅ በማንኛውም ትኩሳት አይሰጥም።

የሚሰጠው ፓራሲታሞል ነው፤ እሱም በኪሎ። ለአንድ ኪሎ ከ10 እስከ 15 ሚሊግራም። ልጅህ 20 ኪሎ ከሆነች ከ200 እስከ 300 ማለት ነው፤ ስለዚህ የ500ዋ ክኒን ግማሽ ይበቃታል። በ24 ሰዓት ውስጥ ከአራት ጊዜ አይበልጥም። ቁም ነገሩ እዚህ ላይ ነው። ትምህርት ቤት የሰጠውን መድኃኒትና ሰዓቱን ጽፎ ከልጅቷ ጋር ካልላከ፣ እናቷ ማታ ደግማ ትሰጣታለች። እኔ ደብተሯ የመጨረሻ ገጽ ላይ ነው የምጽፈው። ደውዬም እናገራለሁ።

ከዚያ ምርመራ። ድሬ ላይ ወባም አለ፤ በ2014 ዝናብ በሌለበት ወር እንኳ ከተማው ውስጥ ተነሥቶ ነበር። ያመጣችው ትንኝ በምናጠራቅመው ውኃ ውስጥ ነው የምትራባው። የደንጊዋም እንዲሁ፤ እሷ ደግሞ የምትነክሰው ቀን ነው፣ ልጆቹ ክፍል ባሉበት ሰዓት። የትምህርት ቤታችሁን በርሜል አይተኸው ታውቃለህ? ክዳን አለው? በወላጆች ስብሰባ ላይ አንሣው። ትኩሳቱ ሲወርድ ሆዷን ካመማት፣ ማስታወክ ካላቆመች፣ ድዷ ከደማ ወይም ከፈዘዘች አትጠብቅ፤ ወደ ሆስፒታል ይዘሃት ሂድ። ብዙ ወላጅ «ትኩሳቱ ለቀቃት» ብሎ የሚዘናጋው በዚያው ሰዓት ነው።

«ልጄ፣ የልጅ ልጄ 6 ዓመቷ ነው፤ ዘንድሮ አንደኛ ክፍል ገባች። አምና ለውዝ ቀምሳ ከንፈሯ አብጦ፣ ሰውነቷ ሽፍ ብሎ፣ አስታውካ ነበር። ትምህርት ቤት በሰጡን ፎርም ላይ “አለርጂ” የሚል ቦታ አለ። እናቷ “ሰበብ አድርገው ይመልሷታል” ብላ “የለም” ብላ ሞላችው። እኔ እንቅልፍ አጣሁ።»
አያት፣ ከሐረር

እማማ፣ ከእናቷ ጋር ነገ ጠዋት ሄደው ያስቀይሩት። እናቲቱንም አይቆጧት። ልጇ እንዳትመለስባት ፈርታ ነው። ግን ሐረር ለውዝ የሌለበት መንገድ የለም። የባቢሌ ለውዝ በየበሩ ላይ በስኒ እየተሰፈረ ይሸጣል፤ ትምህርት ቤት በር ላይም አለ። ልጆች ሲወዳደዱ የሚያካፍሉት እሱን ነው። ሐላዋና ብስኩት ውስጥም ይገባል። ያቺ ሕፃን ጓደኛዋ የዘረጋችላትን እንዴት እምቢ ትላለች?

ፎርሙ ላይ «ለውዝ አይስማማትም» ብቻ አይበቃም። የበላችው ምን ያህል እንደሆነ፣ በስንት ደቂቃ ከንፈሯ እንዳበጠ፣ ማስታወኳን ይጻፉ። አስም ካለባትም ይጨመር፤ አስም ያለበት ልጅ ላይ ይከፋል። ሁለት ስልክ ይጻፉ፤ አንዱ የእርስዎ ይሁን፣ ቀን ቤት ስለሚገኙ።

መምህሯ አንድ ነገር በደንብ እንድታውቅ እፈልጋለሁ። የአለርጂ ክኒንና ሽሮፕ ሽፍታውንና ማሳከኩን ያስታግሳል። የተዘጋ ጉሮሮ ግን አይከፍትም። ያንን የሚያደርገው ጭን ላይ የሚወጋው አድሬናሊን ነው። በሌላ አገር ልጆች በእስክሪብቶ መልክ የተዘጋጀ ይዘው ይሄዳሉ፤ እኛ ጋ በየፋርማሲው የሚገኝ አይደለም። ስለዚህ የእኛ መድኃኒት መፍጠን ነው። ድምፅዋ ከጎረነነ፣ ካሳላት፣ ትንፋሽ ካጠራት ወይም ከደከማት «ክኒኑ ይሥራ፣ እንጠብቅ» አይባልም። አስተኝተው እግሯን ከፍ ያድርጉ፤ ትንፋሽ ካቃታት ትቀመጥ፤ በእግሯ ግን አትሂድ። ተሸክመው ባጃጅ ውስጥ፣ ከዚያ ሕይወት ፋና ወይም ጁገል ሆስፒታል፤ የሚቀርበው። ማን ይዟት እንደሚሄድና የባጃጁ ሂሳብ ከየት እንደሚወጣ ዛሬ ይወሰን። እማማ፣ እኔ አንድ መቶ ብር በፖስታ አድርጌ፣ የልጁን ስም ጽፌ፣ ክሊኒኬ ግድግዳ ላይ ሰክቼ አውቃለሁ።

«ቤት ስንቀይር የልጆቹ የክትባት ካርድ ጠፋ፤ ትምህርት ቤቱ አምጡ ይላል። ትልቋ 11 ዓመቷ ነው። ትምህርት ቤት መጥተው ይከትባሉ ሲባል ሰምቼ ባለቤቴ “ያመክናል” ብሎ ከለከለ።»
እናት፣ ከለገሃሬ

ካርዱ ቢጠፋም መዝገቡ አለ። የተከተቡበት ጤና ጣቢያ ሂጂ፤ የተወለዱበትን ወርና ዓመት፣ ያኔ የነበርሽበትን ቀበሌ ንገሪያቸው። ከመዝገቡ አይተው አዲስ ይጽፉልሻል። የኩፍኝን ነገር ለይተሽ ጠይቂ፤ በ9 ወር አንድ፣ በ15 ወር ሁለተኛ። ሁለተኛውን የሚዘሉ እናቶች ብዙ ናቸው፤ ልጁ መሄድ ከጀመረ በኋላ ጤና ጣቢያ የሚመልሳቸው ነገር የለማ። መዝገቡም ከጠፋ ድጋሚ ይከተቡ። የኩፍኝ ክትባት መደገሙ ጉዳት የለውም። አዲሱን ካርድ በስልክሽ ፎቶ አንሺው።

የትልቋ ክትባት የማኅፀን በር ካንሰር መከላከያ ነው። አገራችን በ2011 በ14 ዓመት ሴት ልጆች ጀመረችው፤ በ2017 ደግሞ ከ9 እስከ 14 ዓመት ላሉት በአንድ መርፌ ሆኗል። አያመክንም። ለባለቤትሽ እንዲህ በይልኝ፤ ይኼ ካንሰር በአገራችን ሴቶች ላይ ከጡት ካንሰር ቀጥሎ የሚመጣ ነው፤ ማኅፀን የሚያስወጣው እሱ እንጂ ክትባቱ አይደለም። እኔ ሆስፒታል ነርስ ሆኜ ስሠራ በዚህ ካንሰር የታመሙ ብዙ እናቶችን አልጋ ላይ አጥቤያለሁ። ካላመነኝ አብሮሽ ወደ ጤና ጣቢያ ይምጣና ፊት ለፊት ይጠይቅ። የአባት ጥያቄ አይናቅም።

በክትባቱ ቀን ቁርስ ሳትበላ እንዳትልኪያት። ሰልፍ ላይ ፀሐይ አለ፣ ፍርሃት አለ፤ አንዷ ስትወድቅ አምስቱ ይከተላሉ። የክትባቱ ሕመም ሳይሆን ባዶ ሆድና ድንጋጤ ነው። እጅጌው ሰፋ ያለ ሸሚዝ አልብሻት። ተወግታ 15 ደቂቃ ጥላ ሥር ትቀመጥ፤ ውኃ ያዢላት።