በማጭድ የተቆረጠ ነርቭ መንገዱን እንዴት ያገኛል?

ጥያቄ፦ የ19 ዓመት ልጄ ኅዳር ላይ እዚህ ቢቸና ጤፍ ሲያጭድ ማጭዱ የግራ እጁን አንጓ ቆረጠው። ሐኪም ቤት ወስደነው ነርቩ ተሰፋ። ሦስት ወር ቢሞላውም ትንሿ ጣቱ እንደደነዘዘች ናት። ስፌቱ ስላልያዘ ይሆን?

መልስ፦ አባቴ፣ ለእንዲህ ያለው ጉዳት ሦስት ወር ገና ነው። ስፌት የሚያገናኘው የነርቩን ሽፋን ብቻ ነው፤ ከተቆረጠበት በታች ያለው የነርቩ ክር፣ አከርካሪ አጠገብ ካለው ሴሉ ስለተለየ፣ ይሞታል። ስለዚህ አዲስ ክር ከአንጓው እስከ ጣቱ ጫፍ እንደገና መብቀል አለበት፤ የሚያድገውም በቀን 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ርቀቱን 15 ሴንቲ ሜትር ብንለው እንኳ አምስት ወር ይፈጃል።

መንገዱን የሚያገኝበት ጥበብ በመጀመሪያ የታየው በጽንስ ላይ ነው። ስፔናዊው ሳንቲያጎ ራሞን ካሃል በ1890 እ.ኤ.አ. በጫጩት ጽንስ ላይ እንደገለጸው፣ የሚያድገው ክር ጫፍ እንደተዘረጋ መዳፍ ሰፋ ያለ ነው፤ ቀጫጭን ጣቶቹን ወደፊት እየሰደደ ይዳስሳል። ኋላ እንደታወቀው፣ የሚስበው ኬሚካል ወዳለበት ያመራል፣ ከሚገፋው ደግሞ ይሸሻል። ከሳቢዎቹ አንዱ በ1994 እ.ኤ.አ. ከጫጩት ጽንስ አንጎል ተለይቶ ሲወጣ፣ በሳንስክሪት «መሪ» ከሚል ቃል ኔትሪን ተባለ። ልጅዎም በማኅፀን ሳለ ነርቮቹ የተዘረጉት እንዲሁ ነው፤ ያኔ ግን ርቀቱ እጅግ አጭር ነበር።

አሁን አዲሱን ክር የሚመሩት፣ የሞተው ክር ከተወገደ በኋላም እዚያው ተሰልፈው የሚቆዩት፣ የነርቭ ክርን የሚሸፍኑት የሽዋን ሴሎች ናቸው። አንዳንዱ ክር የሌላውን መስመር ይዞ ሊሄድ ስለሚችል፣ ስሜቱ ሙሉ በሙሉ እንደ ቀድሞው ላይመለስ እንደሚችል ልደብቅዎ አልፈልግም።

ከጠባሳው ተነሥተው ወደ ትንሿ ጣት አቅጣጫ በጣትዎ ጫፍ ቀስ ብለው መታ መታ ያድርጉ። ልጁ እንደ ኤሌክትሪክ ነዘረኝ የሚልበትን የመጨረሻ ቦታ በእስክሪብቶ ምልክት አድርገው ከጠባሳው ያለውን ርቀት ይመዝግቡ፤ በየወሩም ይድገሙት። ምልክቱ ወደፊት ከሄደ ነርቩ እየተጓዘ ነው። ጠባሳው ላይ ከቀረ ግን ወደ ሰፋው ሐኪም ሳይውሉ ሳያድሩ ይውሰዱት፤ ነርቭ ያጣ ጡንቻ ብዙ ከቆየ ይመነምናልና።

እስከዚያው ወጌሻ እንዳያሸው። የደነዘዘች ጣት ምጣድም ፍምም አትለይም፤ እሳት አጠገብ ሲሆን እጁን በዓይኑ እየተከተለ ይጠብቃት።