ከኮምቦልቻ ስንት ዕድል አለኝ?

ጥያቄ

«ይድረስ ለቲቸር። እንደምን ሰነበቱ? ኮምቦልቻ የምኖር የ11ኛ ክፍል የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪ ነኝ። 9ኛን በ94.2፣ 10ኛን በ95.8 አማካይ ጨርሻለሁ፤ ሁለቱንም ዓመት 1ኛ ነው የወጣሁት። የምፈልገው ሐኪም መሆን ነው። ቨርጂኒያ ያለችው አክስቴ እዚያ ኮሌጅና የሕክምና ትምህርት አንድ ላይ የተያያዘበት፣ ከ12ኛ ክፍል በቀጥታ የሚገባበት ፕሮግራም እንዳለ ነግራኝ ዝርዝሩን በቴሌግራም ልካልኛለች። የጎረቤት ላፕቶፕ ተውሼ የኤስኤቲ፣ ማለትም የአሜሪካ ኮሌጆች የሚያዩትን የመግቢያ ፈተና፣ መለማመጃ ስሠራ 1280 አመጣሁ፤ ሒሳብ 710፣ ንባብና ጽሑፍ 570። ምንም ክለብ ውስጥ የለሁም። እናቴ ኢንዱስትሪ ፓርኩ አካባቢ ቡና ስለምትሸጥ ከትምህርት በኋላ እሷን ነው የማግዘው። አባቴ በሕይወት የለም። ዕድሌ በመቶኛ ስንት ይሆናል? አክስቴ ዜግነት ማግኘቷስ ይጠቅመኛል? ደሴ ያለ አንድ ኤጀንሲ ደግሞ 60 ሺህ ብር ብንከፍል በእርግጠኝነት እንደሚያስገባኝ ለእናቴ ነግሯታል። እንክፈል?

ሰ.፣ ከኮምቦልቻ»

መልስ

አብሽሪ ልጄ። ውጤትሽ የሚያኮራ ነው፤ ጥያቄሽን ግን ለያይቼ ካልመለስኩልሽ አታልልሻለሁ። «ዕድሌ ስንት ነው» ያልሽው ለአክስትሽ ዝርዝር አንድ መልስ አለው፣ ለአሜሪካ ኮሌጆች ሌላ መልስ አለው፣ ለሐኪምነት ደግሞ ከሁለቱም የተለየ።

ከአክስትሽ ልጀምር። የሷ ዜግነት ላንቺ አይሻገርም። ኮሌጆቹ የሚያዩት ያንቺን ፓስፖርት ነው። የአሜሪካ ዜጋ ለትዳር ጓደኛ፣ ለልጅ፣ ለወላጅና ለእህት ወንድም ያመለክታል እንጂ ለእህት ልጅ አያመለክትም። የእናትሽ እህት ከሆነች ለእናትሽ ማመልከት ትችላለች፤ የእህት ወንድም ወረፋ ግን ከ10 ዓመት በላይ ነው፣ አንቺም 21 ዓመት ሲሞላሽ ከማመልከቻው ልትወጪ ትችያለሽ። ዲቪ ለደረሰው ልጅ ጉዳዩ ሌላ ነው፤ ግሪን ካርድ የያዘ በእነዚህ ፕሮግራሞች እንደ አገሬው ይቆጠራል።

ይህን ማስቀደሜ ያለ ምክንያት አይደለም። አክስትሽ የላከችው ዓይነት ፕሮግራም፣ ማለትም የ4 ዓመቱን ኮሌጅና የ4 ዓመቱን ሕክምና በአንድ ማመልከቻ የሚያስይዘው፣ በአብዛኛው ገና ከመነሻው «ዜጋ ወይም ቋሚ ነዋሪ» ብሎ ይጀምራል። አንዳንዱ ከዚያም አልፎ የክፍለ ሀገሩን ልጅ ያስቀድማል፤ በ6 ዓመት ሐኪም በማድረግ የሚታወቀው የካንሳስ ሲቲው ሚዙሪ ዩኒቨርሲቲ በዋናነት የተዘጋጀው ለሚዙሪና ለአጎራባች ግዛቶች ልጆች ነው። በአሜሪካ በየዓመቱ ሕክምና ትምህርት ቤት ከሚገቡት ውስጥ የውጭ ዜጎች ከመቶ አንድ እንኳ አይሞሉም። ከሚቀበሉት ጥቂት ትምህርት ቤቶች አንዳንዶቹ የውጭ ተማሪ የ4 ዓመቱን ክፍያ በሙሉ አስቀድሞ ባንክ በዝግ ሂሳብ እንዲያስቀምጥ ይጠይቃሉ። ይህ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ዶላር ነው። ስለዚህ ዝርዝሩን ስትከፍቺ ስለ ትምህርቱ ከማንበብሽ በፊት «ማን ማመልከት ይችላል» የሚለውን አንብቢ። ብዙውን በአንድ ከሰዓት ትሰርዢዋለሽ፤ በዚያም አትዘኚ፣ ጊዜ ነው የቆጠብሽው።

ካልተሰረዙት ውስጥ የብራውን ዩኒቨርሲቲው አለ፤ በእንግሊዝኛ ምህጻሩ ፒኤልኤምኢ ይባላል። 8 ዓመት ነው፣ የውጭ ተማሪም ያመለክታል። እዚያ የገባ ልጅ ሌላው የአሜሪካ ተማሪ ከኮሌጅ በኋላ የሚፈተነውን ኤምካት የሚባለውን ከባድ የሕክምና መግቢያ ፈተና ሳይወስድ ወደ ዩኒቨርሲቲው ሕክምና ትምህርት ቤት ያልፋል። በዓመት የሚይዘው 60 ገደማ ተማሪ ነው፣ የሚያመለክተው ግን በሺዎች። ብራውን በ2025 እ.ኤ.አ. ከገቡት ተማሪዎች ጀምሮ የውጭ አመልካችን ሲመርጥ የመክፈል አቅሙን ማየት ትቷል፤ ለሚቀበለውም የጎደለውን ይሞላል። ይህ ለድሃ ቤት ልጅ ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን ያ እርዳታ የሚሸፍነው የኮሌጁን 4 ዓመት ነው። የሕክምናው 4 ዓመት የራሱ ሂሳብ አለው፤ ለውጭ ተማሪ ምን እንደሚሰጡ በኢሜይል ጠይቀሽ መልሱን በጽሑፍ ያዢ። ማመልከቻው ከዋናው ድርሰት ሌላ ስለ ሕክምና የሚጠይቁ ተጨማሪ ድርሰቶች አሉት። ለፕሮግራሙ ባትመረጪም ለብራውን ኮሌጅ መታየትሽ አይቀርም፤ እኔ ብሆን ከዝርዝሩ ይህን አንዱን ብቻ እይዝ ነበር።

አሁን ወደ ኮሌጆቹ። ሐርቫርድ፣ ዬል፣ ፕሪንስተን፣ ኤምአይቲ፣ አምኸርስት፣ ዳርትማውዝና ቦውዶይንም እንደ ብራውን የውጭ ተማሪን ያለ ገንዘብ ጥያቄ መርጠው ሙሉ ፍላጎቱን ይሸፍናሉ። ሐርቫርድ ከ100 አመልካች 3 ወይም 4 ይቀበላል፤ ኤምአይቲ ለውጭ አመልካች ከ100 ወደ 2 ይወርዳል። እነዚህ ያንቺ መቶኛ አይደሉም፣ የሁሉም አመልካች አማካይ ነው። ያንቺን የሚነግርሽ ሰው ቢመጣ ወይ ነቢይ ነው ወይ ደላላ። እኔ የምልሽ ይህን ያህል ነው፤ ዛሬ ባለሽ 1280 አይሆንም። እዚያ የሚገቡ ልጆች አብዛኞቹ ከ1500 በላይ ናቸው። ሒሳብሽ በክረምቱ 770 ሊደርስ ይችላል፣ ምክንያቱም የ11ኛ ክፍል ሒሳባችን ከኤስኤቲ ይከብዳል። የቀረሽ ንባቡ ነው። እሱ በወርክሺት አይመጣም፤ በየቀኑ አንድ ረጅም የእንግሊዝኛ ጽሑፍ፣ ሳይንስም ይሁን ታሪክ፣ እያነበብሽ ጸሐፊው ምን እንደሚከራከር በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፊ። ካን አካዳሚ የሚባለው የኢንተርኔት መለማመጃ በነፃ አለ። ፈተናው ዲጂታል ስለሆነ በስልክ አይወሰድም፣ ላፕቶፕ ወይም አይፓድ ይዘሽ መግባት አለብሽ። ክፍያው ለውጭ ተፈታኝ ከ100 ዶላር በላይ ነው፣ የነፃ ፈቃዱ ደግሞ ለኛ አይሰጥም። አዲስ አበባ ቅዳሜ ለመፈተን ሐሙስ ወይም አርብ ከኮምቦልቻ ተነሺ፤ ሌሊት ተጉዞ ጠዋት ፈተና መግባት 100 ነጥብ ይበላል። ለአክስትሽ ሥራ ስጫት፦ የፈተናውን በካርዷ ትክፈል።

አንድ ነገር ግን ከአሁኑ ይግባሽ። ከእነዚህ ኮሌጆች አንዱ ቢቀበልሽ ኮሌጅ ገባሽ እንጂ ሕክምና አልገባሽም። ከ4 ዓመት በኋላ የባዮሎጂ ወይም የኬሚስትሪ ዲግሪ ይዘሽ፣ ቅድም ያልኩሽን ከመቶ አንድ የማይሞላ በር ታንኳኪያለሽ። ተመራማሪ መሆንም ደስ ይለኛል ካልሽ በሙሉ ልብ አመልክቺ። ሐኪም ካልሆንኩ ሞቼ እገኛለሁ ካልሽ ግን ዋናው ዕቅድሽ እዚሁ ይሁን።

«ክለብ የለኝም» ስላልሽው። ማመልከቻው ላይ የሥራና የተሳትፎ ቦታ አለ፤ 10 መስመር፣ እያንዳንዱ መግለጫ ከ150 ፊደል የማይበልጥ። እናትሽን ማገዝሽ የመጀመሪያው መስመር ነው። ግን «እናቴን አግዛለሁ» ብለሽ አትለፊው። በሳምንት ስንት ሰዓት? ዱቤውን የሚይዘው ማነው? ፈረቃ ሲወጣ በአንድ ጊዜ ስንት ሲኒ ይቀዳል? ስኳር ሲወደድ የሲኒውን ዋጋ ማን አሰላ? ደብተሩን የምትይዢው አንቺ እንደሆንሽ እገምታለሁ፤ እንደዚያ ከሆነ እሱን ጻፊ። የክርክር ክለብ ፕሬዚዳንት ነኝ የሚል ወረቀት እዚያ ቢሮ ውስጥ ተከምሯል፣ የሠራተኛ ዱቤ የያዘች የ17 ዓመት ልጅ ግን አልተከመረችም። ድርሰቱን በተመለከተ፣ የ2014ቱን ጦርነት ያየ የደሴና የኮምቦልቻ ልጅ ሁሉ የሚጽፈው ስለዚያ ነው። የሚነገር አለሽ እንደሆነ ጻፊ፤ ለማሳዘን ብለሽ ግን አትጻፊው፣ ያስታውቃል።

ወረቀቶችሽን ዛሬ ጀምሪ። ስምሽ በ8ኛ ክፍል ሚኒስትሪ ካርድ፣ በትራንስክሪፕቱና በፓስፖርቱ ላይ በእንግሊዝኛ አንድ ዓይነት ይጻፍ። አንዱ ላይ ‹ኤች› ገብታ ሌላው ላይ ቀርታ ስንት ልጅ ሬከርድ ቢሮ በር ላይ ሲመላለስ አይቻለሁ! ትራንስክሪፕትሽ ላይ ደረጃሽ ከስንት ተማሪ እንደሆነ ይጻፍልሽ፤ 1ኛ ከ45 እና 1ኛ ከ400 አንድ አይደለም። ደብዳቤ የሚጽፍልሽን መምህር ስትመርጪ ከፍተኛ ውጤት የሰጠሽን ሳይሆን ጥያቄሽን የሚያስታውሰውን ምረጪ። አብዛኞቹ ኮሌጆች ቀድሞ የሚገባውን ማመልከቻ የሚዘጉት በጥቅምት 22፣ መደበኛውን ደግሞ በታህሳስ መጨረሻ ገደማ ነው፤ የመደበኛው መልስ መጋቢት ላይ ይመጣል። የ12ኛ ክፍል ፈተና ደግሞ በሰኔ መጨረሻና በሐምሌ ስለሆነ አይጋጩም። የሚጋጨው የጥናት ሰዓትሽ ነው፣ ስለዚህ ከ6 ኮሌጅ በላይ አትያዢ።

እና እዚሁ። አሜሪካኖቹ እንደ ብርቅ የሚያዩት፣ ከሁለተኛ ደረጃ በቀጥታ ወደ ሕክምና መግባት፣ እኛ አገር የተለመደው መንገድ ነው። የመጀመሪያ ዲግሪ ይዘሽ ነይ የሚልሽ የለም፤ ፍሬሽማንን ጨርሰሽ በውጤት ትደለደያለሽ። ወንፊቱ ጠባብ የሆነው ሌላ ቦታ ላይ ነው። ፈተናው በዩኒቨርሲቲ ግቢ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ 50 ከመቶና በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም. 3.3 ከመቶ፣ በ2015 3.2፣ በ2016 5.4፣ በ2017 8.4 ብቻ ናቸው። በትምህርት ቤቱ 95 ያለው ልጅ እዚያ 60 ሲያመጣ ብዙ ጊዜ አይተናል። ለሕክምና ደግሞ ማለፍ አይበቃም፣ ከአላፊዎቹም ፊት መሆን ያስፈልጋል። ስለዚህ የትምህርት ቤት አማካይሽን ለጊዜው እርሺውና ያለፉትን ዓመታት የአገር አቀፍ ፈተናዎች ሰዓት ይዘሽ ሥሪ። ኤስኤቲውም አይጠፋም፤ እንግሊዝኛውና አፕቲትዩዱ ላይ ያግዝሻል።

አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ራስ ገዝ ከሆነ ወዲህ የራሱን መግቢያ ፈተና ይሰጣል፤ ጥቁር አንበሳን ካሰብሽ እሱንም ተመዝገቢ። ከቤትሽ የሚቀርበው የወሎ ዩኒቨርሲቲ ነው፤ የሕክምናና ጤና ሳይንስ ኮሌጁ ደሴ ነው፣ ሐረጎን ወጥተሽ ትደርሻለሽ። «የሰፈር ዩኒቨርሲቲ» ብለሽ አትናቂው። የደሴ ሆስፒታል ከአፋር እስከ ሰሜን ወሎ በሽተኛ የሚመጣበት ነው፣ ተማሪ ደግሞ የሚማረው ከበሽተኛ ነው። አሜሪካ መሄድ አሁንም ካማረሽ ኢትዮጵያ ተምረው ዩኤስኤምኤልኢ የተባሉትን የአሜሪካ የሐኪምነት ፈቃድ ፈተናዎች ወስደው፣ ውጭ የተማሩ ሐኪሞችን ማስረጃ በሚመረምረው ኢሲኤፍኤምጂ ተረጋግጠው፣ እዚያ ስፔሻላይዝ ለማድረግ የሚገቡ ሐኪሞች አሉ። ይህኛው መንገድ ከአክስትሽ ዝርዝር ይሰፋል።

ሁለት ነገር ልጨምርልሽ። የቱርክ መንግሥት ስኮላርሺፕ ለሕክምናም ያወዳድራል፤ ለጤና ዘርፍ ቢያንስ 90 ከመቶ ይጠይቃል፣ አንቺ ታሟያለሽ። የትምህርት ክፍያ፣ ማደሪያ፣ የኪስ ገንዘብና የአንድ ዓመት ቱርክኛ ትምህርት አለው። ማመልከቻው ብዙውን ጊዜ ከጥር መጀመሪያ እስከ የካቲት አጋማሽ ክፍት ነው፣ ለማመልከት ደግሞ አይከፈልም። ሌላው ሩዋንዳ፣ ቡታሮ ያለው የግሎባል ሄልዝ ኢኩዊቲ ዩኒቨርሲቲ ነው። ሕክምናን ከግሎባል ሄልዝ ማስተርስ ጋር አንድ ላይ በ6 ዓመት ተኩል ይሰጣል፣ ሴቶችን ያበረታታል። ጥምር ፕሮግራም ካልሽ ይኸው፣ ያውም አፍሪካ ውስጥ።

ለእናትሽ፦ እሜቴ፣ 60 ሺውን አይክፈሉ። ከላይ ከጠቀስኳቸው ኮሌጆች አንዳቸውም ተማሪ በደላላ አይቀበሉም፤ ማመልከቻውን ልጅዎ ራሷ ትሞላዋለች፣ የማመልከቻውን ክፍያም በችግር ምክንያት ማስነሳት ይቻላል። ኤጀንሲው የየትኛውን ኮሌጅ የተፈረመ ደብዳቤ እንደሚያመጣ፣ ካላመጣስ ብሩን በስንት ቀን እንደሚመልስ በጽሑፍ ይስጥዎት ብለው ይጠይቁት። ከዚያ 60 ሺህ ላይ ሩቡ እንኳ ቢወጣ ለልጅዎ ያገለገለ ላፕቶፕ ይግዙበት፤ የጎረቤቱ አንድ ቀን መመለሱ አይቀርም።