«ግራመሩን ያውቃል፣ አፉ ግን አይፈታም» — የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ሁለት ልጆች አሉኝ። ትልቁ 15 ዓመቱ ነው፤ የእንግሊዝኛ ፈተና ላይ ጥሩ ያመጣል፣ ሰው በእንግሊዝኛ ሲያናግረው ግን ጭጭ ነው። ታናሿ 8 ዓመቷ ነው፤ ከካርቱን የለቀመችውን ስትለፈልፍ ትውላለች። አንዲት ጎረቤቴ «የወንዱ ጊዜ አልፏል፤ ለሷ ግን አማርኛውን ተይና በእንግሊዝኛ ብቻ አውሪያት» ትለኛለች። የኔ እንግሊዝኛ ደግሞ ደካማ ነው። ግራ ገብቶኛል።
— የሁለት ልጆች እናት

መልስ፦ ከመጨረሻው ልጀምር፤ በጣም ያሳሰበኝ እሱ ነውና። እባክዎ አማርኛዎን ከቤትዎ አያስወጡ። ልጅ ምክንያት መጠየቅን፣ ማስረዳትን፣ ታሪክ ከጫፍ እስከ ጫፍ መተረክን የሚማረው እናቱ አፏን ሞልታ በምታወራው ቋንቋ ነው። ትነት ምን እንደሆነ በአማርኛ የገባት ልጅ በእንግሊዝኛ የሚጎድላት ቃሉ ብቻ ነው። በአማርኛም ካልገባት ግን ሐሳቡንም ቃሉንም አንድ ላይ ልትሸከም ነው። ንባብም እንደዚሁ ነው፤ ካነበበችው ውስጥ ዋናውን መለየት አንዴ ከለመደች ያንን ችሎታ ይዛ ወደ እንግሊዝኛው ትሻገራለች። እርስዎ በማይመችዎ ቋንቋ እየተንተባተቡ ሲያወሯት ጨዋታው ራሱ ይደርቃል። ተረት ይንገሯት፣ ያንብቡላት፣ ይከራከሯት፤ በአማርኛ።

ስለ እሷ አንድ ነገር ልጨምር። መለፍለፏ ደስ ይላል፤ ግን የጨዋታ እንግሊዝኛና የትምህርት እንግሊዝኛ ለየቅል ናቸው። ጂም ከሚንስ የተባለ ተመራማሪ እንግሊዝኛ በሚነገርበት አገር የሚማሩ የስደተኛ ልጆችን አይቶ፣ የዕለት ተዕለት ንግግሩን በ2 ዓመት ገደማ እንደሚይዙት፣ የመጽሐፉን ቋንቋ ለመያዝ ግን ከ5 እስከ 7 ዓመት እንደሚፈጅባቸው ጽፏል። ስለዚህ አፏ ተፈታ ብለው ንባቡን ችላ እንዳይሉ።

አሁን ወደ ልጅዎ። ጊዜው አላለፈም! ዕድሜ ጎልቶ የሚታየው የአነጋገር ቅላጼ ላይ ነው፤ በልጅነቱ የጀመረ ሰው ድምፁን እንደ አገሬው የማውጣት ዕድሉ ይሰፋል። በፍጥነት ግን ትልልቆቹ ይቀድማሉ። ካትሪን ስኖውና ባልደረባዋ በ1978 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ ወደ ኔዘርላንድስ ሄደው የደች ቋንቋ ከሚማሩ እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች መካከል በመጀመሪያዎቹ ወራት ፈጥነው የተገኙት ከ12 እስከ 15 ዓመት ያሉት ነበሩ። ከ3 እስከ 5 ያሉት ሕፃናት መጨረሻ ላይ ነበሩ። የእርስዎ ልጅ እኮ በዚያው በፈጣኖቹ ዕድሜ ላይ ነው ያለው!

ታዲያ ለምን ዝም ይላል? ፈተና ላይ ጊዜ አለው፤ ክፍት ቦታውን ያያል፣ ደንቡን ያስታውሳል፣ ይሞላል። ወሬ ላይ ግን ማንም ቆሞ አይጠብቀውም። ጆሮው በቂ እንግሊዝኛ ካልሰማ፣ አፉም ካልተለማመደ፣ ደንቡ ወረቀት ላይ ይቀራል። የቋንቋ ትምህርት ተመራማሪው ስቲቨን ክራሸን በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ትልቁን ቦታ የሰጠው ለሚሰማውና ለሚነበበው ነበር፤ ተማሪው አብዛኛውን የሚረዳው ሆኖ ከደረጃው ትንሽ ከፍ ያለ ነገር ያስፈልገዋል አለ። ልክ ነው፣ ግን አይበቃም። ካናዳ ውስጥ ለዓመታት በፈረንሳይኛ የተማሩ እንግሊዝኛ ተናጋሪ ልጆች ሲሰሙ ጥሩ ይረዱ ነበር፤ ሲናገሩና ሲጽፉ ግን ስህተታቸው አልጠፋም። ተመራማሪዋ ሜሪል ስዌን በ1985 እ.ኤ.አ. ከዚህ ተነስታ፣ ተማሪ ራሱ ለመናገር ሲታገል ነው የጎደለውን የሚያየው ብላ ተከራከረች። እኔም የምስማማው ከሷ ጋር ነው።

ከሁሉ በላይ ግን ዝም የሚያሰኘው ፍርሃቱ ነው ብዬ አምናለሁ። 15 ዓመት ሰው ሳቀብኝ አልሳቀብኝ የሚባልበት ዕድሜ ነው። አንድ ጊዜ ክፍል ውስጥ ተሳስቶ የተሳቀበት ልጅ፣ ወይም አፉን በከፈተ ቁጥር «እንደዚያ አይባልም» የሚባል ልጅ፣ ዝምታን ይመርጣል፤ ዝም ባለ ቁጥር ልምምዱ ይቀንሳል፣ ልምምዱ ሲቀንስ ፍርሃቱ ይብሳል። ይህን ሰንሰለት ሳይበጥሱ ሌላ የግራመር መጽሐፍ ቢገዙለት ምንም አይለወጥም።

ስህተቱ ራሱም ከየት እንደሚመጣ ቢነግሩት ይቀለዋል። በአማርኛ ግሱ መጨረሻ ላይ ይቀመጣል፤ እንግሊዝኛ ላይ ከባለቤቱ ቀጥሎ ይመጣል፤ ስለዚህ ዓረፍተ ነገሩን አእምሮው ውስጥ ገልብጦ ነው የሚያወጣው። «እስኩል»፣ «እስፖርት» የምንለው ሁለት ተነባቢ ተከታትለው ቃል ሲጀምሩ ለአፋችን ስለማይመች ነው። መርከብና በግ በእንግሊዝኛ (ship እና sheep) የሚለያዩት በአናባቢ ብቻ ነው፤ ያ አናባቢ ለጆሯችን አንድ ይመስላል። ፊደላችን ደግሞ በአብዛኛው እንደተጻፈ ይነበባል፣ የእነሱ ግን አይታመንም። እንግሊዝኛ ተናጋሪውም በተራው አማርኛ ሲማር ላልቶ የሚነበበውን «አለ» እና ጠብቆ የሚነበበውን «አለ» ለመለየት ፍዳውን ያያል። ይህ የስንፍና ምልክት አይደለም፤ ቋንቋ ከቋንቋ ሲገናኝ የሚሆን ነው።

ምን ያድርጉ? ለእህቱ በእንግሊዝኛ እንዲያነብላት ያድርጉ። እሷ አትፈርድበትም። የሚወደውን ነገር፣ ኳስም ይሁን ጌም፣ በእንግሊዝኛ በየቀኑ ይስማ፤ ከዚያ የሰማውን በራሱ አፍ በእንግሊዝኛ እየተናገረ ስልኩ ላይ 2 ደቂቃ ያህል ድምፁን ይቅዳ፣ ለማንም ሳያሰማ። በሳምንቱ መጨረሻ የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ቅጂ ራሱ ያዳምጥ። እርስዎ ደግሞ እየተናገረ ሳለ አያቋርጡት።

ጥያቄ፦ 34 ዓመቴ ነው። በየዓመቱ እንግሊዝኛ እጀምራለሁ። አንዳንዴ በቀን 50 ቃል እሸመድዳለሁ፤ በሳምንቱ ባዶ ነኝ። ጭንቅላቴ አይዝም መሰለኝ።
— ተስፋ የቆረጥኩ

መልስ፦ ወንድሜ፣ ጭንቅላትህ ደህና ነው። ኸርማን ኤቢንግሃውስ የተባለ ጀርመናዊ በ1885 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ሥራ በራሱ ላይ ሞክሮ ያሳየው ይህንኑ ነው፤ አንዴ የተሸመደደ ነገር በፍጥነት ይረሳል፣ ቀን እየተራራቀ ሲደገም ግን ይቆያል። 50ውን ተወው። 10 ቃል ያዝ፣ ነገ ድገማቸው፣ ከ3 ቀን በኋላ፣ ከዚያ በሳምንቱ። ብቻቸውንም አትያዛቸው፤ ስለ ራስህ ኑሮ እውነተኛ ዓረፍተ ነገር ሥራባቸው። ምርጫህም ይታሰብበት፦ በጣም የሚዘወተሩት 2000 ገደማ ቃላት ከነሱ ከሚረቡት ቃላት ጋር ከአብዛኛው ጽሑፍ ውስጥ ወደ 80 በመቶ የሚሆነውን ይሸፍናሉ። ብርቅዬውን ቃል ለኋላ አቆየው።

አንድ ነገር ግን ልጠይቅህ፤ እንግሊዝኛውን ለምንድን ነው የምትፈልገው? «ማወቅ ጥሩ ስለሆነ» ከሆነ መልስህ፣ ሥራ ሲበዛብህ መጀመሪያ የምትተወው እሱን ነው። ለአንድ የሥራ ቃለ መጠይቅ፣ ለአንድ ኮርስ፣ ልታወራው ለምትፈልገው አንድ ሰው ከሆነ ግን ቃላቱም ከዚያው ይመረጣሉ፤ የምትማረውን በማግስቱ ትጠቀምበታለህ።

ጥያቄ፦ 9ኛ ክፍል እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። ስጠይቅ ሁሉም አንገቱን ይደፋል፤ እጅ የሚያወጡት ያው ሦስት ልጆች ናቸው።
— መምህር

መልስ፦ መምህር፣ ከጠየቁ በኋላ በልብዎ እስከ አምስት ይቁጠሩ። ሜሪ በድ ሮው የተባለች ተመራማሪ በሳይንስ ክፍሎች ውስጥ ስትለካ፣ መምህራን ጠይቀው የሚጠብቁት 1 ሰከንድ ገደማ ብቻ ሆኖ አገኘችው። 3 ሰከንድና ከዚያ በላይ ሲጠብቁ የተማሪዎቹ መልስ ረዘመ፣ ዝም ይሉ የነበሩትም መናገር ጀመሩ። በሁለተኛ ቋንቋ የሚመልስ ልጅ ደግሞ ጥያቄውን መረዳት፣ ቃሉን መፈለግ፣ ከዚያ መድፈር አለበት። ለክፍሉ ከመናገሩ በፊት አጠገቡ ላለው ልጅ ይንገር፣ 1 ደቂቃ ይበቃል። ሦስቱን ፈጣኖች ደግሞ ትንሽ ያቆዩአቸው፤ የነሱ እጅ ሲወጣ ሌላው ማሰቡን ያቆማል።