«ካንሰርን ያዛምታሉ» ወይስ «ያስፋፋሉ»?

ጥያቄ፦ ስለ ጤና እጽፋለሁ። «ሕዋሳትን ከውጭ አቅፈው የሚይዙት እንደ ኮላጅን ያሉ ፕሮቲኖች ካንሰርን ያዛምታሉ» ብዬ ብጽፍ አርታኢዬ «ያስፋፋሉ» በሚለው ተካው። ትክክሉ የትኛው ነው?

መልስ፦ በሰዋስው ረገድ ሁለቱም እንከን የለባቸውም፤ ሐሳቡን ግን ሁለቱም አያደርሱትም። «ተዛመተ» ለወረርሽኝና ለሰደድ እሳት የለመድነው ግሥ ስለሆነ ካንሰርን ከሰው ወደ ሰው የሚጋባ ደዌ ያስመስለዋል፤ ታማሚን ከጎረቤቱ የሚያርቅ ጥርጣሬ በአንድ ግሥ ሰበብ እንዳይነሣ ብንተወው እመርጣለሁ። «ተስፋፋ» የሚስማማው ዕጢው በተነሣበት ስፍራ ሲያድግ ነው።

የጡት ካንሰርን እንውሰድ። በጅምሩ በወተት ቱቦው ውስጥ ታጥሮ ይቆያል፤ አጥሩም በአብዛኛው ከአራተኛው ዓይነት ኮላጅንና ከላሚኒን የተሠራ ስስ ሽፋን ነው። የካንሰር ሕዋሳቱና በዙሪያቸው ያሉት ሌሎች ሕዋሳት የሚያመነጯቸው ኤምኤምፒ-2 እና ኤምኤምፒ-9 የተባሉ ኢንዛይሞች ሽፋኑን ሲሰባብሩትና ካንሰሩ ሲያልፍ «ሰርጎ ገባ» እንላለን፤ በደም ወይም በሊምፍ ተጉዞ ሳንባ ወይም አጥንት ላይ ሲያርፍ ደግሞ «ተሰራጨ»።

ይበልጥ የሚያሳስበኝ የዓረፍተ ነገርዎ ባለቤት ነው። አድራጊ ግሥ ሲገባ ፕሮቲኑ ራሱ ጥፋተኛ ይሆናል፤ ኮላጅን ግን የቆዳችን፣ የአጥንታችንና የጅማታችን ዋና ፕሮቲን ነው፤ ከላይ እንዳየነውም አንዱ ዓይነቱ ካንሰሩን አጥሮ የሚይዝ ነው። ጉዳቱ የሚመጣው ከለውጥ ነው፦ ሊሲል ኦክሲዴዝ የተባለው ኢንዛይም የአንደኛውን ዓይነት ኮላጅን ክሮች እርስ በርስ ሲያቆላልፋቸው ሥጋው ይጠጥራል፤ ሕዋሳቱም ጥጥረቱን ኢንቴግሪን በተባሉ ተቀባዮቻቸው ተረድተው ለመራባትና ለመንቀሳቀስ ይነሣሣሉ። ስለዚህ ለውጡን ባለቤት አድርገው «የኮላጅን ክሮች መቆላለፍ የካንሰር ሕዋሳት ወደ አካባቢው ሥጋ ሰርገው እንዲገቡ ያግዛል» ቢሉ ዓረፍተ ነገሩ ይቃናል።

አንድ ጥንቃቄ ልጨምር። እነዚህ ፕሮቲኖች አንዴ ካንሰሩን «ያግዳሉ»፣ አንዴ «ያግዛሉ»፤ በሁለቱ ቃላት መካከል ያለው ልዩነት አንድ ፊደል ብቻ በመሆኑ የጽሕፈት ግድፈት መልእክቱን ሊገለብጠው ይችላል። በአንድ ጽሑፍ ውስጥ ሁለቱም የሚያስፈልጉዎት ከሆነ ለመጀመሪያው «ይገታሉ»፣ ለሁለተኛው «ይረዳሉ» የሚሉትን ይጠቀሙ።